አድራሻ አደራ ነው

ሥራዬ ድረ ገጾችን ከሰርቨር ወደ ሰርቨር ማዛወር፣ ዶሜይን ማገናኘትና የአድራሻ ደንብ መጻፍ ነው። ገጹን የሚያስውቡት ሌሎች ናቸው፤ የእኔ ድርሻ ሰው ገጹን በሚያውቀው ስም ፈልጎ እንዲያገኘው ማድረግ ነው። የምጽፋቸው ደንቦች አጫጭር ናቸው፤ ብዙዎቹ ከሁለትና ከሦስት መስመር አያልፉም። እያንዳንዳቸው ግን አንድ ዘመን ላይ አንድ ሰው ከገጠመው ችግር የመጡ ናቸው። ጀማሪ ባልደረቦቼ ደንቡን ከሌላ ቦታ ገልብጠው ሲለጥፉ ባየሁ ቁጥር የምነግራቸውን ታሪክ እዚህ ልጽፈው ወደድሁ። ዓመታቱን፣ ካልገለጽሁ በቀር፣ በፈረንጆች አቆጣጠር እጠቅሳለሁ።

ታሪኩ ከድረ ገጽ በፊት ይጀምራል። በ1970ዎቹ አርፓኔት በሚባለው የአሜሪካ የምርምር መረብ ላይ የተገናኙ ኮምፒውተሮች እያንዳንዳቸው ቁጥር ነበራቸው። ቁጥር በቃል መያዝ ስለሚያስቸግር ሰው ስም አወጣላቸው። የትኛው ስም የየትኛው ቁጥር እንደሆነ የሚናገረው ግን አንድ የጽሑፍ ፋይል ብቻ ነበር። ፋይሉ የሚጠበቀው በካሊፎርኒያ፣ በሜንሎ ፓርክ ከተማ፣ በስታንፎርድ የምርምር ተቋም ውስጥ ነበር፤ የመረጃ ማዕከሉን ከ1972 እስከ 1989 የመራችው ኤልዛቤት ፋይንለር ናት። አዲስ ማሽን ያስገባ ተቋም ለማዕከሉ ያሳውቃል፣ ማዕከሉ ፋይሉን ያድሳል፣ የቀረው ሁሉ አዲሱን ወደየማሽኑ ይቀዳል። መረቡ ሲሰፋ ይህ አሠራር አቃተው። ዛሬ የተቀዳው ፋይል ነገ ያረጃል፤ አንድ ስም ሁለት ፈላጊ ያገኛል፤ የማዕከሉም ሥራ ከአቅሙ በላይ ይሆናል።

መፍትሔውን በ1983 ያቀረበው ፖል ሞካፔትሪስ ነው። ዛሬ ዲኤንኤስ የምንለው ሥርዓት መዝገቡን ከፋፍሎ ለየባለቤቱ ሰጠ። እያንዳንዱ የስም ባለቤት የራሱን ክፍል ራሱ ይጠብቃል፤ ጠያቂው ማሽንም ከላይ ወደ ታች እየጠየቀ ከሚፈልገው ይደርሳል። ለእኔ ትልቁ ነገር ግን ስምን ከቦታ መለየቱ ነው። ተቋሙ ማሽኑን ቢለውጥ፣ ከተማም ቢቀይር፣ በመዝገቡ ላይ የሚያስተካክለው ቁጥሩን ብቻ ነው። ስሙ ባለበት ይቆያል።

ማርች 15 ቀን 1985 ሲምቦሊክስ የተባለ የኮምፒውተር አምራች የመጀመሪያውን የነጥብ ኮም ስም አስመዘገበ። የኩባንያው ገናና ዘመን አልፎ ስሙ በ2009 ለሌላ ባለቤት ተሸጠ፤ ዶሜይኑ ግን አለ። ያን ጊዜ ስም በነጻ ነበር የሚሰጠው። በሴፕቴምበር 1995 ምዝገባውን ይዞ የነበረው ኔትወርክ ሶሉሽንስ ለሁለት ዓመት 100 ዶላር ማስከፈል ጀመረ። ከዚያ ወዲህ ስም በየጊዜው የሚታደስ፣ ካልታደሰም ከእጅ የሚወጣ ንብረት ሆነ። ነጥብ ኢቲ የተባለው መለያ ለኢትዮጵያ የተሰጠውም በዚያው ዓመት በኦክቶበር ነው።

በዚህ መካከል ቲም በርነርስ ሊ በጄኔቫ አጠገብ በሚገኘው የምርምር ተቋም በሰርን፣ በ1990 መጨረሻ፣ የመጀመሪያውን የድር ሰርቨር ሥራ አስጀምሯል። የመጀመሪያው ገጽ አድራሻ ሁለት ክፍል ነበረው፤ የሰርቨሩ ስም፣ ቀጥሎም ፋይሉ የተቀመጠበት የፎልደር መንገድ። ከመነሻው የነበረው ችግር እዚህ ላይ ነው። የአድራሻው ፊተኛ ክፍል በዲኤንኤስ ነጻ ወጥቷል፤ ኋለኛው ክፍል ግን በዲስኩ ላይ ካለው ፎልደር ጋር እንደታሰረ ቀረ። ፎልደሩ ስሙን ሲቀይር አድራሻው ይሞታል። ፕሮግራሙ ከአንድ ቋንቋ ወደ ሌላ ሲዛወር በስሙ መጨረሻ ያለው ቅጥያ ይለወጣል፤ አድራሻውም አብሮ ይሞታል።

ብሮውዘርና ሰርቨር የሚነጋገሩበት ደንብ ኤችቲቲፒ ይባላል፤ የመጀመሪያው ኤችቲቲፒ የመልስ ቁጥር አልነበረውም። ገጹ ካለ ይልካል፤ ከዚያ በላይ የሚናገርበት መንገድ የለውም። በሜይ 1996 በሰነድ የወጣው ኤችቲቲፒ 1.0 ግን ገጹ የለም የሚለውን 404ን ብቻ ሳይሆን 301ንና 302ንም ይዞ ነበር። 301 ማለት ገጹ ለዘለቄታው ተዛውሯል፤ 302 ማለት ለጊዜው ሌላ ቦታ ነው። ሰርቨሩ ከቁጥሩ ጋር አዲሱን አድራሻ በአንድ መስመር ይልካል፤ ብሮውዘሩም ሰውየውን ሳይጠይቅ ወደዚያው ይሄዳል። ቤተሰቡ ሌላ ሰፈር ከገባ በኋላ በድሮው ግቢ በር ላይ ቆሞ እንግዳውን አዲሱን ቤት የሚያመለክት ዘበኛ ሥራው ይኸው ነው።

302 ግን ጣጣ አመጣ። ሰው ቅጽ ሞልቶ ሲልክ ሰርቨሩ 302 ብሎ ከመለሰ፣ ብሮውዘሮቹ የተሞላውን ቅጽ ትተው አዲሱን ገጽ ብቻ ይጠይቁ ነበር። ሰነዱ እንዲህ አድርጉ አላለም፤ ልማዱ ግን ሥር ሰደደ። ስለዚህ ሰነዱ ለልማዱ ቦታ ሰጠ። 303 የብሮውዘሮቹን ልማድ በይፋ ለሚፈልግ፣ በ1999 የመጣው 307 ደግሞ ቅጹ እንዳለ እንዲሻገር ለሚፈልግ ሆነ። ለዘለቄታው ዝውውር ተመሳሳዩን ጥበቃ የሚሰጠው 308 የመጣው ብዙ ዘግይቶ በ2014 ነው። እኔም ከዚህ የተማርሁትን ለጀማሪ ሁሉ እነግራለሁ፤ መጀመሪያ በ302 ሞክር፣ ትክክል መሆኑን ስታረጋግጥ ወደ 301 ቀይር። 301ን ብሮውዘር ያስቀምጠዋል፤ ሰርቨሩ ላይ ብታርመው እንኳ በሰው ኮምፒውተር የተቀመጠውን አንተ አታነሳውም።

እስከዚህ ያወራሁት ስለ ሪዳይሬክት ነው። ሪራይት ሌላ ነው። በሪዳይሬክት ብሮውዘሩ አዲሱን አድራሻ ይነገረዋል፣ ሁለተኛ ጥያቄም ይልካል። በሪራይት ሰርቨሩ የመጣውን አድራሻ በውስጡ ተርጉሞ ሌላ ፋይል ያቀርባል፤ ጎብኚው አያውቅም። ይህን አፓቼ ለተባለው የሰርቨር ፕሮግራም የሠራው ጀርመናዊው ራልፍ ኤንግልሻል ነው። አፓቼ ራሱ ኤንሲኤስኤ በተባለ ቀደምት ሰርቨር ላይ ከተሰበሰቡ ማሻሻያዎች ተነሥቶ በ1995 የወጣ ነው። ኤንግልሻል ሞድ ሪራይት የተባለውን ይህን መሣሪያ በኤፕሪል 1996 ጽፎ በጁላይ 1997 ለአፓቼ ቡድን በስጦታ አበረከተ። ያኔ አድራሻው ከዲስኩ ተፈታ። ሞካፔትሪስ ለስሙ ያደረገውን ኤንግልሻል ለመንገዱ አደረገው ብል ማጋነን አይመስለኝም።

ለእኛ አገር ዓይነት ተጠቃሚ ሁለት ተጨማሪ ነገሮች ወሳኝ ነበሩ። አንደኛው፣ በ1997 የወጣው ኤችቲቲፒ 1.1 ብሮውዘሩ የፈለገውን ዶሜይን ስም በጥያቄው ውስጥ እንዲጠራ አስገደደ። ከዚያ በፊት ሰርቨሩ በየትኛው ስም እንደተጠራ የሚያውቅበት አስተማማኝ መንገድ ስላልነበረው ለየዶሜይኑ የራሱ ቁጥር ያስፈልግ ነበር፤ ከዚያ በኋላ አንድ ማሽን መቶ ድረ ገጽ መያዝ ቻለ፣ ሆስቲንግም ረከሰ። ሁለተኛው፣ ስሙ በነጥብ የሚጀምረው ኤችቲአክሰስ የተባለ ፋይል ነው። ዋናውን የሰርቨር ማስተካከያ የመንካት ፈቃድ የሌለው ደንበኛ በራሱ ፎልደር ውስጥ ይህን ፋይል አስቀምጦ ደንቡን ይጽፋል። በርካሽ ሆስቲንግ የሚኖር ትንሽ ጋዜጣ፣ ማኅበር ወይም ትምህርት ቤት የድሮ አድራሻውን ለማዳን ያለው መሣሪያ ይህ ብቻ የሆነበት ጊዜ ብዙ ነው። በ2004 ለሕዝብ የወጣው የኢጎር ሲሶዬቭ የሰርቨር ፕሮግራም ኤንጂንኤክስ ይህን ፋይል አያነብም፤ ስለዚህ ከአፓቼ ወደ ኤንጂንኤክስ የሚዛወር ሰው ደንቦቹን አንድ በአንድ እንደ አዲስ ሊጽፋቸው ይገባል።

መሣሪያው ሁሉ በእጅ ነው። ታዲያ አድራሻ ለምን ይሞታል? በርነርስ ሊ በ1998 ባወጣው አጭር ጽሑፍ ጥሩ አድራሻ እንደማይለወጥ ተከራክሮ ነበር፤ ቴክኖሎጂው አያስገድድም፣ የሚለውጠው ሰው ነው የሚል ነው ክርክሩ። የራሱ የመጀመሪያ ገጽ እንኳ አላመለጠም። ያ አድራሻ ለብዙ ዓመታት ሲከፈት ወደ መግቢያው ገጽ ብቻ ይመልስ ነበር፤ ሰርን በቦታው የመለሰው በ2013 ነው። ሃርቫርድ ያሉ የሕግ ምሁራን በ2014 ባወጡት ጥናት፣ በአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔዎች ውስጥ ከተጠቀሱ ሊንኮች ግማሾቹ የተጠቀሰውን ነገር እንደማያሳዩ አገኙ። ፒው የተባለው የምርምር ማዕከል በ2024 እንዳስታወቀው ደግሞ፣ በ2013 ከነበሩ ገጾች 38 በመቶዎቹ ከአሥር ዓመት በኋላ አይገኙም።

እኛም ጋ የሆነው ይኸው ነው። የአስፈጻሚ አካላትን ሥልጣን የሚወስኑት አዋጆች በወጡ ቁጥር የመሥሪያ ቤቶች ስም ይቀየራል። በእኛ አቆጣጠር በ2011 በአዋጅ ቁጥር 1097 የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር ተቋቋመ፤ በ2014 በአዋጅ ቁጥር 1263 የከፍተኛ ትምህርት ሥራው ወደ ትምህርት ሚኒስቴር ተመለሰ። እንዲህ ያለ ለውጥ ሲመጣ ማኅተሙና ታፔላው ወዲያው ይታሰባል። አድራሻው ግን ማንም ትዝ አይለውም።

አንድ የሕግ መምህር ስልክ የደወሉልኝ በዚህ ምክንያት ነበር። አንድ መሥሪያ ቤት ድረ ገጹን አሳድሶ የድሮዎቹን ሰነዶች አድራሻ በሙሉ ለውጧል። «ልጄ፣» አሉኝ፣ «የግርጌ ማስታወሻዬን ሊንክ የሚከፍት ተማሪ ‹ገጹ የለም› የሚል መልስ ነው የሚያገኘው። ፈጥሮ ጻፈው እንዳይሉኝ።» መሥሪያ ቤቱ ሲፈቅድልኝ የሰርቨሩን መዝገብ አወጣሁ። 404 ተብለው የተመለሱትን ጥያቄዎች ለየሁ፣ በመጠባበቂያ ቅጂው ካሉት የፋይል ስሞች ጋር አመሳከርሁ፣ በሁለት ዓምድ አሮጌውንና አዲሱን አድራሻ ጻፍሁ፤ ከዚያ ለእያንዳንዱ 301 አወጣሁለት። ሰነዶቹ አንድም ቀን አልጠፉም ነበር፤ ሁሉም በአዲሱ ሰርቨር ላይ ነበሩ። የጠፋው ወደ እነሱ የሚወስደው መንገድ ነው።

በአማርኛ ለሚጽፍ ሰው ደግሞ የራሱ የሆነ ችግር አለ። የግዕዝ ፊደል በ1999 ዩኒኮድ በተባለው የፊደላት መለያ መዝገብ ውስጥ ገብቷል፤ በድር አድራሻ ውስጥ ግን እያንዳንዱ ፊደል በሦስት ባይት ይጻፋል፣ እያንዳንዱም ባይት የመቶኛ ምልክትና ሁለት መለያ ይሆናል። አንዲት አ ብቻ ዘጠኝ ምልክት ትወስዳለች። ዎርድፕሬስ የተባለው የድረ ገጽ ማዘጋጃ የጽሑፍን የአድራሻ ስም በ200 ምልክት ስለሚገድብ የአማርኛ ርዕስ 22 ፊደል ግድም ላይ ይቆረጣል። በቴሌግራም የሚላኩት የዜና ሊንኮች የመቶኛ ምልክት ሰንሰለት የሚመስሉት፣ ሁለት ተመሳሳይ አጀማመር ያላቸው ርዕሶችም በቁጥር ብቻ የሚለዩት ለዚህ ነው። ደንበኞቼን የምመክረው አጭርና የማይለወጥ የአድራሻ ስም ራሳቸው እንዲመርጡ ነው።

የሞክሼ ፊደላትም ጉዳይ አለ። ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐና ብዙኃኑ ኀ ለአማርኛ ተናጋሪ ጆሮ አንድ ናቸው፤ ለሰርቨር ግን ሦስት የተለያዩ ናቸው። ፀሐይን ብቻ ብንወስድ ፀሐይ፣ ፀሀይ፣ ፀኀይ፣ ጸሐይ፣ ጸሀይ፣ ጸኀይ ተብሎ ሊፈለግ ይችላል። የአማርኛ ውክፔዲያ አዘጋጆች ይህን የሚፈቱት በሪዳይሬክት ነው፤ እነሱ መምሪያ መንገድ ይሉታል፤ ከዒላማው የማይደርሰውን ሰባራ፣ ወደ ሌላ መምሪያ የሚመራውን ድርብ ብለው ለይተው ይጠግናሉ። በ2017 ለዓለም አቀፉ የዶሜይን ሥርዓት በቀረበው የግዕዝ ፊደል ደንብም ሞክሼዎቹ እንደ አቻ ተቆጥረዋል፤ በአንዱ ፊደል የተያዘ ስም በሌላው ለሌላ ሰው እንዳይሰጥ ማለት ነው። የአገሬ ሰዎች ለዚህ መድከማቸው ያኮራኛል።

ስለዚህ ድረ ገጽ ለምታሳድሱ ሁሉ የምለው ይህ ነው። አዲሱን ከመክፈታችሁ በፊት የድሮዎቹን አድራሻዎች ዝርዝር አውጡና ለእያንዳንዱ ምትኩን ጻፉ። ሁሉንም ወደ መግቢያው ገጽ አትመልሱ፤ ሰው የመጣው ለአንድ ሰነድ ነው፣ በሩን ሊያይ አይደለም። አንዱን መምሪያ በሌላ መምሪያ ላይ አትደርቡ፤ ከአሮጌው በቀጥታ ወደ መጨረሻው ውሰዱ። ስም ብትቀይሩም የድሮውን ዶሜይን ማደስ አታቁሙ፤ እናንተ የለቀቃችሁትን ስም የሚያነሳው ሰው እናንተን አምኖ የሚመጣውን አንባቢ ይቀበላል። ተቋም ስሙን ሊቀይር መብቱ ነው። የድሮውን አድራሻ የሰጠው ግን ለሌሎች ነው፤ በመጽሐፋቸው ጠቅሰውታል፣ ለልጆቻቸው ልከውታል። አደራ የተቀበለ ሰው ቤት ሲቀይር አደራውን ጥሎ አይሄድም።