የፔሶ ውድቀት ያሳደጋቸው ከተሞች

በጥር 1948 «ላይፍ» የተሰኘው የአሜሪካ መጽሔት ስለ አንዲት የሜክሲኮ ከተማ አንድ ጽሑፍ አወጣ። ከፎቶግራፎቹ ይልቅ አንባቢን የያዘው ዋጋው ነበር። በሳን ሚጌል ዴ አዬንዴ አፓርታማ በወር 10 ዶላር ይከራያል፤ የቤት ሠራተኛ በወር 8 ዶላር ትቀጠራለች፤ አንድ ጠርሙስ ጥሩ ሩም 65 ሳንቲም፣ አንድ ፓኬት ሲጋራ ደግሞ 10 ሳንቲም ነው። መጽሔቱ ከተማዋን የቀድሞ ወታደሮች ገነት ብሎ ጠራት። ብዙም ሳይቆይ እዚያ ባለችው ትንሽ የሥዕል ትምህርት ቤት ለመማር ከ6,000 በላይ የቀድሞ ወታደሮች አመለከቱ። ትምህርት ቤቷ ያኔ የነበሯት አሜሪካውያን ተማሪዎች ሃምሳ ያህል ነበሩ። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ወራትና ቀናት፣ «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በትንሽ ገንዘብ ሞቃት አገር ሄዶ መኖር ሲባል ሰው ቶሎ የሚታየው አየሩና ፀሐዩ ነው። የሳን ሚጌልና የቻፓላ ሐይቅ ዳርቻ ታሪክ ግን ከአየሩ ይልቅ ወደ ባንክ መስኮት ያደርሳል። ርካሹን ኑሮ የፈጠሩት ዋሽንግተን ላይ የተፈረመ ሕግና ሜክሲኮ ሲቲ ላይ የተቆረጠ የምንዛሬ ተመን ናቸው፤ ልዩነቱን በጉልበቱና በደመወዙ የሸፈነው ደግሞ የአገሬው ሰው ነበር።

ሕጉ በሰኔ 1944 ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት የፈረሙት የዘማቾች ማቋቋሚያ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተመለሰ ወታደር ትምህርት ቤት ሲገባ መንግሥት ክፍያውን ይችላል፤ ለቀለቡም በየወሩ ይቆርጥለታል። ላጤ የሆነው መጀመሪያ 50 ዶላር፣ ከ1946 ወዲህ 65 ዶላር፣ ከ1948 የጸደይ ወራት ጀምሮ 75 ዶላር ያገኝ ነበር። በዚህ ገንዘብ ኒው ዮርክ ወይም ቺካጎ ላይ ቤት ተከራይቶ፣ በልቶና ለብሶ መማር ከእጅ ወደ አፍ የሆነ ኑሮ ነው። ሕጉ ግን ዕውቅና ያገኘ የውጭ አገር ትምህርት ቤትንም ይጨምር ነበርና፣ ያችው 65 ዶላር ድንበር ስትሻገር ሌላ ገንዘብ ሆነች።

ትምህርት ቤቷ ዘማቾቹን ስትቀበል አሥር ዓመት ሊሞላት ተቃርቦ ነበር። በ1938 ያቋቋማት ፔሩዊው ሠዓሊ ፌሊፔ ኮሲዮ ዴል ፖማር ሲሆን፣ የመረጠላትም ቦታ የቀድሞ የመነኮሳይት ገዳም ነው። ዋና ረዳቱ ስተርሊንግ ዲኪንሰን የሚባል የቺካጎ ልጅ ሆነ። ዲኪንሰን ሳን ሚጌል የገባው በየካቲት 1937፣ ገና ሳይነጋ ነው፤ ከባቡር ጣቢያው በጋሪ ተሳፍሮ አደባባዩ ላይ ሲደርስ የቤተ ክርስቲያኑ ጉልላት ከጉሙ በላይ ብቅ ብሎ አየ። ያን ሮዝማ ፊት ለፊት በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ያነጸው ዘፌሪኖ ጉቲዬሬስ የሚባል የአገሬው ግንበኛ ነው፤ የከተማው ሰው እንደሚተርከው የአውሮፓ ካቴድራሎችን በፖስት ካርድ እያየ ነው የሠራው። ዲኪንሰን እዚያው ቀረ። ኮረብታው ላይ የነበረ የፈረሰ ቆዳ ማልፊያ በ90 ዶላር ገዝቶ ቤት አደረገው፤ በ1998 እስኪሞትም ድረስ ሳን ሚጌል ቤቱ ነበረች።

ከተማዋ ያን ያህል የረከሰችው ባረጀ ሀብቷ ምክንያት ነው። በቅኝ ግዛት ዘመን የብር ማዕድን የሚጓጓዝበት መንገድ ላይ ነበረች፤ የነጻነት ትግሉ መሪ ኢግናሲዮ አዬንዴ የተወለደውም እዚያው ነው፣ ስሟም የእሱ መታሰቢያ ነው። ማዕድኑ ሲነጥፍና ጦርነቱ ሲደራረብ ነጋዴው ሄደ፣ ቤቶቹ ቀሩ። ወፍራም ግድግዳ፣ ሰፊ ግቢ፣ ቅስት በረንዳ ያለው ቤት በእርሻ ጎጆ ዋጋ የሚሸጥበት ምክንያት ይኸው ነበር።

በዚህ ላይ ምንዛሬው መጣ። «ላይፍ» ያን ጽሑፍ ሲያወጣ አንድ ዶላር 4 ፔሶ ከ85 ነበር፤ 65 ዶላር ሲመነዘር 315 ፔሶ ያህል ይወጣዋል። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ሜክሲኮ የፔሶን ተመን ለቀቀች፤ በሰኔ 1949 በ8 ፔሶ ከ65 አቆመችው። የወታደሩ አበልም በመካከሉ ወደ 75 ዶላር አድጎ ስለነበር በወር የሚያገኘው ወደ 649 ፔሶ ደረሰ። ተማሪው አንድም ተጨማሪ ሰዓት ሳይሠራ በዓመት ተኩል ውስጥ ገቢው እጥፍ ሆነለት።

የሠራተኛዋስ? 8 ዶላሯ በጥር 1948 ምንዛሬ 39 ፔሶ ገደማ ነው። ደመወዟ የሚቆረጠው በፔሶ፣ የምትገዛውም በቆሎና ባቄላ የሚሸጠው በፔሶ ነው፤ ፔሶ ሲወድቅ ከውጭ የሚገባው ጨርቅና መድኃኒት ይወደድባታል እንጂ የሚጨመርላት የለም። የርካሽ ኑሮ መመሪያዎች ለአሥርት ዓመታት የጻፉት የመጀመሪያውን ስሌት ብቻ ነው። ሁለተኛውን ስሌት ትቶ የእነዚህን ከተሞች ታሪክ መጻፍ ግን አይቻልም፤ ምግቡን አብስላ፣ ልብሱን አጥባ፣ ግቢውን ጠርጋ የወታደሩን 65 ዶላር ያበቃቃችለት እሷ ናትና።

የሳን ሚጌል የመጀመሪያው ወርቃማ ጊዜ ብዙ አልቆየም። ትምህርት ቤቷ ዝነኛውን የግድግዳ ሠዓሊ ዳቪድ አልፋሮ ሲኬይሮስን በመምህርነት ጋበዘች፤ እሱም ከተማሪዎቹ ጋር በገዳሙ ውስጥ ያለ ቅስት ጣሪያ አዳራሽ በሥዕል መሸፈን ጀመረ። በ1949 ከትምህርት ቤቱ የዚያን ጊዜ ባለቤት ጋር ተጣልቶ ሲወጣ መምህራኑና ተማሪዎቹ ተከተሉት። የአሜሪካ ኤምባሲ ዕውቅናውን አነሳ፤ አበሉም ቆመ። ዛሬ ወደዚያ አዳራሽ የሚገባ ሰው ከግድግዳ ተነሥተው ጣሪያውን የሚያቋርጡ ደማቅ መስመሮችን ያያል፤ ሥዕሉ ግን እንደተጀመረ ቀርቷል። በ1950 ኢንስቲቱቶ አዬንዴ የተባለ አዲስ ትምህርት ቤት ተከፍቶ ዲኪንሰን ሲመራው ነው ተማሪው የተመለሰው።

ከሳን ሚጌል በስተ ምዕራብ፣ ከጓዳላሃራ ከተማ በስተ ደቡብ፣ የሜክሲኮ ትልቁ ሐይቅ ቻፓላ ይገኛል። ሁለቱም ቦታዎች በሐሩር ክልል ውስጥ ቢሆኑም ከፍታ ላይ ናቸው፤ ቻፓላ ከባሕር ወለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ላይ ስላለ አየሩ የወይና ደጋ ነው። ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህ ማስረዳት አያሻውም፤ ሰው በብርድ ሳይንቀጠቀጥ፣ በሙቀትም ሳይቃጠል ዓመቱን የሚዘልቅበት ከፍታ ነው። ሐይቁ በመጀመሪያ የሀብታም መዝናኛ ነበር። ፕሬዚዳንት ፖርፊሪዮ ዲያስ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ የፋሲካን ሰሞን እዚያ ያሳልፉ ነበር። በ1920 የባቡር ጣቢያ ተሠራለት፤ ባቡሩ ግን ስድስት ዓመት ያህል ሠርቶ ቆመ። በ1923 እንግሊዛዊው ደራሲ ዲ. ኤች. ሎውረንስ ቻፓላ ላይ ቤት ተከራይቶ ስለ ሜክሲኮ የሚተርክ ልብ ወለዱን የመጀመሪያ ረቂቅ ጻፈ።

ከቻፓላ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቃ ያለችው አሂሂክ ያኔ የዓሣ አጥማጆች መንደር ነበረች። ኒል ጄምስ የተባለች አሜሪካዊት የጉዞ ጸሐፊ በ1943 የመጣችው በአደጋ የተጎዳ ሰውነቷን ለማሳረፍ ነው። ከዚያ በኋላ ሃምሳ ዓመት ኖረች። የመንደሩ ሴቶች ሸምነውና ጠልፈው የሚሸጡበትን ሥራ ጀመረች፤ የሐር ትል ማርባትም ሞከረች። ለሕፃናቱ ቤተ መጻሕፍት ከፈተች፤ በ1950ዎቹ ደግሞ የሥዕል ትምህርት አስጀመረችላቸው። እዚያ ቀለም ከያዙት ልጆች መካከል ኋላ በሥዕል የሚታወቁ የአሂሂክ ሠዓሊያን ወጥተዋል። ቤቷንና የአትክልት ቦታዋን ለቻፓላ ሐይቅ ማኅበር ሰጥታ በ1994፣ ዕድሜዋ መቶ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው አረፈች። ማኅበሩ በ1955 የውጭ አገር ነዋሪዎች ያቋቋሙት ነው፤ የሥዕል ትምህርቱም በዚያው ግቢ ቀጥሏል። በርካሽ ለመኖር የመጣ ሰው ለሚኖርበት ሰፈር ምን ሊተው እንደሚችል ከእሷ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ይከብዳል።

ከ1954 ጀምሮ መጤው ተማሪና ሠዓሊ መሆኑ ቀርቶ ጡረተኛ ሆነ። በዚያ ዓመት የፋሲካ ሰሞን ሜክሲኮ ፔሶን በ12 ከ50 ለአንድ ዶላር ቆረጠችው፤ ተመኑም ሃያ ሁለት ዓመት ሳይነቃነቅ ቆየ። ቋሚ አበል ለሚበላ ሰው ከዚህ የበለጠ ዋስትና የለም። በ1960 ጆን ዊልኮክ ሜክሲኮን በቀን 5 ዶላር ስለ መጎብኘት የጻፈው መመሪያ ወጣ፤ መንገዱ ለብዙኃኑ ተከፈተ። የአሜሪካ የጡረታ አበል ውጭ አገር ለሚኖር ዜጋም ይላካል፤ በ1965 የወጣው የአረጋውያን የሕክምና ዋስትና ግን ከድንበር ውጭ አይሠራም። ስለዚህ ጡረተኛው ቀለል ላለው ሕመም ጓዳላሃራ ላይ ከኪሱ ይከፍላል፣ ለከባዱ ወደ ቴክሳስ ይሻገራል።

እነዚህ ሰዎች የባሕር ዳርቻውን ትተው መሀል አገር የሰፈሩበት አንድ ሕጋዊ ምክንያትም አለ። በ1917 የወጣው የሜክሲኮ ሕገ መንግሥት 27ኛ አንቀጽ የውጭ ዜጋ ከባሕር ዳርቻ በ50 ኪሎ ሜትር፣ ከድንበር ደግሞ በ100 ኪሎ ሜትር ውስጥ የመሬት ባለቤት እንዳይሆን ይከለክላል። የባሕር ዳርቻ ከተማ በሆነችው አካፑልኮ ላይ ቤት የፈለገ ሰው ሌላ መንገድ መፈለግ ነበረበት፤ ኋላም በባንክ አደራ በኩል እንዲይዝ ተፈቀደለት። አሂሂክና ሳን ሚጌል ላይ ግን በስሙ ይገዛል።

በነሐሴ መጨረሻ 1976 የ12 ከ50 ዘመን አበቃ። ፔሶ በጥቂት ሳምንታት ግማሽ ያህል ዋጋውን አጣ። ዶላር የሚላክለት ጡረተኛ ተጠቀመ፤ ገንዘቡን ወደ ፔሶ ለውጦ ባንክ ያስቀመጠው ግን ተጎዳ። ብዙዎች እንዲህ አድርገው ነበር፤ የሜክሲኮ ባንኮች የሚከፍሉት ወለድ ከአሜሪካው በጣም ስለሚበልጥ በወለዱ ብቻ መኖር ይቻል ነበርና። ከዚህ የተማሩት ቀጥሎ ሜክሲኮ ባንክ ውስጥ የዶላር ሒሳብ ከፈቱ።

እሱም አላዳናቸውም። በየካቲት 1982 ፕሬዚዳንት ሆሴ ሎፔስ ፖርቲዮ ፔሶን እንደ ውሻ ታግለው እንደሚከላከሉ ተናገሩ፤ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ፔሶ ተለቀቀ። በነሐሴ ደግሞ ባንክ ውስጥ ያለ ዶላር በ69 ፔሶ ከ50 ተመንዝሮ በፔሶ ብቻ እንዲወጣ ታዘዘ። ያኔ ገበያው ላይ አንድ ዶላር ከ100 ፔሶ በላይ ያወጣ ነበር። መስከረም 1 ቀን ባንኮቹ ተወረሱ። ቤቱን አሜሪካ ሸጦ ጥሪቱን ጓዳላሃራ ያስቀመጠ አረጋዊ ሲሶውን ወይም ከዚያ በላይ በአንድ ወር አጣ። የሜክሲኮ ሠራተኛ የደረሰበት ከዚህ ይከፋል፤ በዚያ ዓመት የዋጋ ንረቱ መቶ በመቶ ሊደርስ ምንም ያህል አልቀረውም፣ ደመወዙ ግን አልተከተለውም። እሱ የሚሸሽበት ሌላ አገርም ሌላ ገንዘብም አልነበረውም።

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሬ ለገበያ ሲለቀቅና አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ ከ100 ሲያልፍ ያየ ኢትዮጵያዊ ይህን ታሪክ ከሩቅ አያነበውም። ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ ለእረፍት የመጣ ዘመድ ኪሱ ሲሰፋለት፣ የተቀበለው ቤተሰብ የዘይቱንና የመድኃኒቱን ዋጋ እየቆጠረ ነበር። አንድ ማዕድ ላይ የተቀመጡ ሰዎች በሁለት ገንዘብ ይኖራሉ።

በታኅሣሥ 1994 ፔሶ እንደገና ወደቀ፤ ሜክሲኮ በቀደመው ዓመት ከገንዘቧ ሦስት ዜሮ ቆርጣ ነበርና ተመኑ ከ3 ከ40 ተነሥቶ በወራት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ሆነ። አሁንም ከሰሜን ሰው መጣ። በ2008 ዩኔስኮ ሳን ሚጌልን በዓለም ቅርስነት መዘገባት፤ በ90 ዶላር የተገዛው ዓይነት ፍርስራሽ ከዚያ በኋላ በመቶ ሺህ ዶላሮች የሚጠየቅበት ሆነ። በአሂሂክም በሐይቁ ዳር ቤቶች በዶላር ተተምነው ይሸጣሉ፤ የዓሣ አጥማጁ ልጅ ደመወዙን የሚያገኘው በፔሶ ነው።

ከኮሮና ወረርሽኝ በኋላ የመጣው ትውልድ ጡረታ እስኪወጣ አልጠበቀም። ኮምፒውተሩን ይዞ ሜክሲኮ ሲቲ ገባ፣ ኮንዴሳና ሮማ በሚባሉት ሰፈሮች ተከራየ፣ ለአሜሪካ ድርጅት እየሠራ በዶላር ይከፈለዋል። የከተማው አስተዳደር ራሱ በ2022 ቤት ከሚያከራየው ድርጅት ከኤርቢኤንቢ ጋር ተፈራርሞ ጋብዞታል። በ2023 ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ ፔሶ ጠንክሮ አንድ ዶላር ከ17 ፔሶ በታች ወረደ፣ ርካሽ ተብሎ የተመጣበት ኑሮ ለእንግዳውም ተወደደ። ለአገሬው ተከራይ ግን ኪራዩ አልቀነሰለትም።

በሐምሌ 4 ቀን 2025፣ በአሜሪካ የነጻነት በዓል ዕለት፣ ሰልፈኞች ኮንዴሳ ላይ ወጡ፤ ከሰፈራችን አትግፉን የሚል ጽሑፍ ይዘው ነበር። የተወሰኑት የሱቅ መስታወት ሰበሩ። በ2022 ስምምነቱን በከንቲባነት የፈረሙት ክላውዲያ ሼይንባውም አሁን ፕሬዚዳንት ናቸው፤ የሰልፈኞቹ ጥያቄ ተገቢ ቢሆንም ብለው በመጤ ላይ የሚሰነዘርን ጥላቻ አወገዙ። እሳቸውን የተኩት የከተማው ከንቲባ ክላራ ብሩጋዳ በዚያው ወር ኪራይን የሚገታ ዕቅድ አቀረቡ፤ ባለቤቶች በየዓመቱ የሚጨምሩት ኪራይ ከዋጋ ንረቱ እንዳይበልጥ የሚል ሐሳብም ነበረበት።