መድረኩን የተሸከሙ ልጆች

የአገራችን የቴአትር ታሪክ ሲወራ ወሬው ሁሌም በትልልቅ ስሞች ይጀምራል፤ በትልልቅ ስሞችም ያልቃል። ስሞቹ ይገባቸዋል፣ በዚህ ጠብ የለንም። ግን እስቲ አንድ ነገር እንጠይቅ፦ እነዚህ ትልልቅ ሰዎች የጻፉትን ማን ተጫወተው? ዜማውን ማን ዘፈነው? መጋረጃውን ማን ሳበው? መልሱን ስንፈልግ ደጋግመን የምናገኘው ልጆችን ነው፤ ተማሪዎችን፣ ወላጅ አልባዎችን፣ የሰፈር ወጣቶችን። ዛሬ የምናወራው ስለ እነሱ ነው።

በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ሩሲያ ተምረው የተመለሱ ሰው ናቸው። በ1913 ዓ.ም. ገደማ “ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ” የተባለውን ሥራቸውን አዲስ አበባ ቴራስ ሆቴል ውስጥ አሳዩ። ሰውየው ይህን የጻፉት ተናደው ጭምር ነበር። “ቴአትር” ተብሎ ሲታይ ያገኙት ዘፈን፣ ጭፈራና ቀልድ ስለነበረ፣ ቴአትር እንዲህ አይደለም ሊሉ ፈለጉ። አውሬዎቹን አናግረው ሹማምንቱን ቢሸነቁጡ ግን ቤተ መንግሥቱ ተቆጣና ቴአትር ታገደ። የሚገርመው፣ ነገሩ ከዓመታት በኋላ ሲያንሠራራ ተክለ ሐዋርያት የሸሹት ዘፈን ከፊት ሆኖ መምጣቱ ነው። የኢትዮጵያ መድረክ ያለ ዜማ መቆም አልፈለገም።

ዜማው ደግሞ ከየት መጣ? አንዱ ምንጭ የማህሌቱና የአዝማሪው ቤት ነው፤ ይህን ሁላችንም እናውቃለን። ሌላኛው ምንጭ ከኢየሩሳሌም የመጡ አርባ ልጆች ናቸው። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ወደ አውሮፓ ሲጓዙ ኢየሩሳሌም ላይ በአርመን ገዳም የሚኖሩ፣ ወላጆቻቸውን በአርመኖች እልቂት ያጡ ልጆች በነፋስ መሣሪያ ሲጫወቱ ሰሙ። ወደዷቸውና አዲስ አበባ አስመጧቸው። “አርባ ልጆች” የሚለው ስም ከዚያ ቀረ። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበር። ልብ በሉ፣ ወላጅ የሌላቸው ልጆች የማያውቁት አገር መጥተው ነው የቤተ መንግሥቱን ማርሽ የነፉት። እኛ ዘንድ ስማቸው ቁጥር ሆኖ ቀርቷል።

ከ1923ቱ የንግሥ በዓል ወዲህ ዕገዳው ሲነሳ መድረኩን የያዙት ትምህርት ቤቶች ናቸው። የደብረ ኤልያሱ ባለ ቅኔ ዮፍታሔ ንጉሤ በቅዱስ ጊዮርጊስ ትምህርት ቤት፣ መላኩ በጎሰው ደግሞ በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ተማሪዎቻቸውን እየሰበሰቡ ያሠለጥኑ ነበር። ተዋናይ የሚባል ሙያ ገና አልነበረም። ስለዚህ ጠዋት ፊደልና ሒሳብ የሚያጠናው ልጅ ማታ ንጉሥ ይሆናል፣ ወታደር ይሆናል፣ ሲያስፈልግም ሴት ይሆናል። ሴት ልጅ መድረክ ላይ መውጣቷ ነውር ስለነበረ ቀሚሱን የሚለብሰው፣ ሻሹን የሚያስረው ወንድ ልጅ ነው። ይህን ስንሰማ እንስቃለን። ነገር ግን አስቡት፤ በነጋታው ያ ልጅ ክፍል ገብቶ ከጓደኞቹ ጋር መቀመጥ አለበት። ሴቶቹ መድረኩን የተረከቡት ዘግይተው፣ ብዙ ስድብ ችለው ነው። አስናቀች ወርቁ ከመጀመሪያዎቹ አንዷ ነበረች።

ዮፍታሔ የቅኔ ሰው ስለነበሩ ቴአትራቸው ንግግር ብቻ አልነበረም። ግጥም አለው፣ መዝሙር አለው፣ ሰም ለበስ ወርቅ አለው። የዘውድ ዘመኑ ብሔራዊ መዝሙር ግጥም የእሳቸው፣ ዜማው የኬቮርክ መሆኑም በአጋጣሚ አይመስለንም። የቤተ ክህነቱ ትምህርትና የነፋስ መሣሪያው የተገናኙት እዚህ ላይ ነው።

ቀጥሎ ጦርነት መጣ። ሐምሌ 1927 ዓ.ም. በመኰንን ሀብተ ወልድ አስተባባሪነት የአገር ፍቅር ማኅበር ሲቋቋም ሥራው ሕዝቡን በዲስኩርና በዘፈን ለመጪው ወረራ ማንቃት ነበር። ጣልያን ሲገባ ዮፍታሔ ወደ ሱዳን ተሰደዱ። ከነጻነት በኋላ ማኅበሩ እንደገና ቆመና ፒያሳ ላይ የምናውቀው ቴአትር ቤት ሆነ። ቡድኑም በየክፍለ አገሩ እየዞረ ዘፈን፣ ውዝዋዜና አጫጭር ድራማ ያሳይ ጀመር።

ከእነዚህ ጉዞዎች አንዱ ወሊሶ ነበር። በራስ ጎበና ትምህርት ቤት የሚማር አንድ ልጅ የአገር ፍቅርን ሰዎች አየና ልቡ ተነሳ። የቡድኑን ሰው ኢዮኤል ዮሐንስን አናገረ። አዲስ አበባ መምጣት እንዳለበት ሲነገረው በእግሩ ተነሳ። ቤተሰቡ ግን ትምህርቱን ተማር ባይ ነበርና ቱሉ ቦሎ ላይ ተይዞ ተመለሰ። ቆይቶ በጭነት መኪና ተደብቆ ጠፋ። ልጁ ጥላሁን ገሠሠ ነው። በ2001 ዓ.ም. ሲያርፍ አገር ሁሉ ወጥቶ ቀበረው። ያኔ ግን ለብዙ ቤተሰብ ዘፋኝ ማለት “አዝማሪ” ነበር፤ “አዝማሪ” ደግሞ ስድብ ነበር። ስንቱ ልጅ ቱሉ ቦሎ ላይ ተይዞ በዚያው እንደቀረ የቆጠረ የለም።

ደርግ ሲመጣ መድረኩ ወደ ቀበሌ ወረደ። በየቀበሌው የኪነት ቡድን ተቋቋመ። በታሪካችን ይህን ያህል ብዙ ወጣት ከበሮ፣ ክራርና ማሲንቆ ይዞ መድረክ ላይ የወጣበት ዘመን መኖሩን እንጠራጠራለን። ልምምዱ በቀበሌ አዳራሽ ነው፤ ወንበሩን የሚደረድሩት፣ መጋረጃውን የሚሰቅሉት፣ ልብሱን የሚያጥቡት ራሳቸው ልጆቹ ናቸው። በመጀመሪያ የአብዮቱ መዝሙር፣ ከዚያ የብሔረሰቦች ውዝዋዜ፣ ከዚያ ቡርዣውን የሚያሳፍር ድራማ። ብዙ ድምፃውያንና ተዋንያን ፊደል የቆጠሩት እዚያ ነው።

እዚህ ላይ ግን ቀልድ እናቁም። በቀይ ሽብር ወራት፣ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም.፣ ወጣቱ የሚታሠረውም በቀበሌ ነው። የሚዘፈንበትም የሚታሠርበትም ግቢ አንድ ነበር። ስለዚህ “ኪነት ፕሮፓጋንዳ ነው” ብለን መዝጋት ይቀለናል፤ “ወርቃማ ዘመን ነበር” ማለትም እንዲሁ። ሁለቱም ልጆቹን ይረሳሉ። አንዳንዱ ወዶ ዘፈነ፣ አንዳንዱ ፈርቶ ዘፈነ፣ አንዳንዱም ክራር መማሪያ ሌላ ቦታ ስላልነበረው ዘፈነ። ሦስቱም በአንድ መድረክ፣ ጎን ለጎን ሊቆሙ ይችላሉ።

ሥርዓቱ ሲወድቅ የቀበሌ ኪነትም አብሮ ተበተነ። ከዚያ በኋላ ካየነው ሁሉ የሚነሳው እ.ኤ.አ. በ1996 የሆነው ነው። እንግሊዛዊው የዳንስ አሠልጣኝ ሮይስተን ማልዱም አዲስ አበባ መጥቶ መቶ ያህል የጎዳና ልጆችን ሰብስቦ “ካርሚና ቡራና”ን አሠራቸው። ከእነሱ መካከል የተመረጡት “አዱኛ” የሚባለውን የዳንስ ቡድን መሠረቱ። ማልዱም በ2003 በርሊን ላይ ከከተማው ፊልሃርሞኒክ ኦርኬስትራ ጋር 250 ልጆችን ይዞ ሲሠራ ዓለም አጨበጨበለት። አዲስ አበባ ግን ቀድማው አይታዋለች።

ከአርባዎቹ ወላጅ አልባዎች እስከ ጎዳና ልጆቹ ሰባ ዓመት ገደማ አለ። በዚህ ሁሉ ዘመን መንግሥት ልጆቹን ሲፈልጋቸው ጠርቷቸዋል፤ ለበዓል፣ ለጦርነት፣ ለአብዮት። በዓሉ ሲያልፍ ግን ምን ሆኑ የሚል መዝገብ አልያዘም። የደራሲው ስም ተጽፏል፣ የሹሙ ስም ተጽፏል፤ ሴት ሆኖ የተጫወተው ተማሪ ስም አልተጻፈም።

በቀበሌ ኪነት ከበሮ የመቱት ልጆች ዛሬ ስድሳን የተሻገሩ ናቸው። ጎረቤታችን ናቸው፣ አጎትና አክስታችን ናቸው። ፎቶአቸው በየቤቱ አልበም ውስጥ አለ፤ ጀርባው ላይ ስም ያልተጻፈበት። አንባቢ ሆይ፣ ከመጪው በዓል በአንዱ፣ ቡናው ሲፈላ፣ ያንን አልበም አስወጡና ከጎን የቆመው ማን እንደሆነ ጠይቁ። መልሱንም በእስክሪብቶ ጀርባው ላይ ጻፉት።