ከካርቱም ላፕቶፕ የሚገዛ ነጋዴ የዩኤስቢን ታሪክ ለምን ይወቅ?

ዐረቦች «መንፈዝ» የሚሉት ቃል ሁለት ነገር ይጠራል። እንደ ገላባት ያለው የድንበር መውጫ መንፈዝ ነው፤ ላፕቶፕ ጎን ላይ ያለው የዩኤስቢ ቀዳዳም መንፈዝ ነው። እኛ ነጋዴዎች የመጀመሪያውን ጠንቅቀን እናውቃለን። ሁለተኛውን ባለማወቅ ግን እኔ ራሴ ከስሬያለሁ። ከጦርነቱ በፊት ካርቱም ሱቅ አል ዐረቢ ውስጥ «ብዙ ያልተሠራባቸው ናቸው» ተብዬ አምስት ላፕቶፖች ገዛሁ። አዲስ አበባ ሳደርሳቸው ደንበኛዬ ሳይከፍታቸው ጎናቸውን ብቻ አይቶ «አሥር ዓመት ይሆናቸዋል» አለኝ። እውነቱን ነበር።

ምን አይቶ ነው? ታሪኩን አይቶ ነው። (ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ድሮ ለፕሪንተር ሰፊ፣ ለማውስና ለኪቦርድ ክብ፣ ለሞደም ደግሞ ሌላ ቀዳዳ ነበር። በ1996 ኢንቴል፣ አይቢኤምና ማይክሮሶፍት ያሉበት የሰባት ኩባንያዎች ስብስብ ይህን ሁሉ በአንድ ለመተካት ዩኤስቢን አወጣ። ፍጥነቱ በሰከንድ 12 ሜጋቢት ነበር። በ2000 የወጣው ዩኤስቢ 2 ወደ 480 ሜጋቢት፣ በ2008 የወጣው ዩኤስቢ 3 ደግሞ ወደ 5 ጊጋቢት አደረሰው።

ሱዳን ግን ይህን ታሪክ የኖረችው በሌላ መንገድ ነው። ዩኤስቢ በወጣ በዓመቱ፣ በኅዳር 1997፣ አሜሪካ በሱዳን ላይ የንግድ ማዕቀብ ጣለች። ስልክና የግል ኮምፒውተር የተፈቀደው በየካቲት 2015 ነው፤ የንግድ ማዕቀቡ የተነሣው ደግሞ በጥቅምት 2017። በእነዚያ ዓመታት ዕቃው በዱባይና በሌሎች አገሮች በኩል ዞሮ፣ ከእጅ ወደ እጅ ተላልፎ ይገባ ነበር። ዋስትና የሌለውን ዕቃ ዕድሜውን የሚመሰክርለት ራሱ ገላው ነው።

እንግዲህ ጎኑን እንዲህ ያንብቡ። ጠፍጣፋው አራት ማዕዘን ቀዳዳ «ዓይነት ኤ» ይባላል። ውስጡ ጥቁር ወይም ነጭ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ዩኤስቢ 2፣ ሰማያዊ ከሆነ ዩኤስቢ 3 ነው። ቀለሙ ግን ግዴታ ስላልሆነ አጠገቡ «ኤስኤስ» የሚል የእንግሊዝኛ ምልክት መኖሩን ይፈልጉ። ወደ ካሬ የሚጠጋው «ዓይነት ቢ» የፕሪንተር ነው። ሚኒና ማይክሮ የቆዩ ካሜራዎችና ስልኮች ናቸው። በ2014 የወጣው ሞላላው «ዓይነት ሲ» በሁለቱም በኩል ይሰካል። የእኔ አምስቱ ላፕቶፖች ሰማያዊም፣ ምልክትም፣ ዓይነት ሲም አልነበራቸውም።

ዓይነት ሲ ስላለው ብቻ ግን አይቸኩሉ። «ሲ» የቅርጽ ስም እንጂ የፍጥነት ስም አይደለም። ቅርጹ ሲ ሆኖ ፍጥነቱ 480 ሜጋቢት ብቻ የሆነ አለ፤ ላፕቶፑን ቻርጅ የማያደርግም አለ።

የአውሮፓ ኅብረት ከታኅሣሥ 2024 ጀምሮ ለአዳዲስ ስልኮች፣ ከሚያዝያ 2026 ጀምሮ ለላፕቶፖች ዓይነት ሲን ግዴታ አድርጓል። ስለዚህ የድሮ ቻርጀር በብዛት ማከማቸት ገንዘብ ማሰር ነው።

ገበያ ሲወጡ የራስዎን ዩኤስቢ 3 ፍላሽና የዓይነት ሲ ቻርጀር ይያዙ። በየቀዳዳው ሰክተው ትልቅ ፋይል ይገልብጡ፤ ቻርጅ መቀበሉንም ይዩ። ሻጩ ይህን አላስነካም ካለ ሂሳብ ሳይከፍሉ ወደሚቀጥለው ሱቅ ይለፉ።