የተለቀቀ ኦብጀክት፦ የስላብ ሐሳብ በከርነል የሜሞሪ ድልድል ውስጥ

ሊነክስ አንድን ፋይል በስሙ ፈልጎ ባገኘ ቁጥር ከዋናው ማውጫ እስከ ፋይሉ ድረስ ላለው ለእያንዳንዱ ስም ዴንትሪ የሚባል ትንሽ መዝገብ በሜሞሪ ውስጥ ይይዛል። በ64 ቢት ማሽን ላይ የአንድ ዴንትሪ የተለመደ መጠን 192 ባይት ነው። ከሥር ሆኖ ሜሞሪ የሚያድለው በዲ የተባለው አከፋፋይ ግን ከአንድ ገጽ በታች መቁረጥ አይችልም፤ ገጹም 4096 ባይት ነው። ለአንዲት ዴንትሪ አንድ ገጽ ቢሰጥ 3904 ባይት ያለ ሥራ ይቀመጣል። ገጹ በ192 ቢሸነሸን ግን 21 ዴንትሪ ይይዝና 64 ባይት ብቻ ይተርፋል። ብዙ ፋይል የሚነካ ሰርቨር ዴንትሪዎቹን በመቶ ሺዎች ስለሚቆጥር ልዩነቱ ቀላል አይደለም።

እዚህ ስሌት ላይ ለመድረስ ምርምር አያስፈልግም። ብዙዎቹ የመማሪያ መጻሕፍትም ስለ ስላብ ሲያስተምሩ ሽንሸናውን አሳይተው ያልፋሉ። የሐሳቡ ባለቤት መነሻ ግን ሌላ ነበር። ጄፍ ቦንዊክ ለሳን ማይክሮሲስተምስ ሶላሪስ 2.4 የሠሩትን አከፋፋይ እ.ኤ.አ. በ1994 በዩዝኒክስ የበጋ ጉባኤ ሲያቀርቡ በቅድሚያ ያነሡት ብክነትን ሳይሆን ድካምን ነው። አንድ የከርነል ኦብጀክት ባዶ ቦታ ስላገኘ ብቻ ለሥራ አይበቃም፤ ቁልፎቹ መዘጋጀት፣ የዝርዝር ራሶቹ ወደ ራሳቸው መጠቆም፣ ቆጣሪዎቹ ዜሮ መሆን አለባቸው። ቦንዊክ እንዳሉት ይህ ዝግጅት ብዙ ጊዜ ሜሞሪውን ከማግኘት ይልቅ ውድ ነው። ደግሞም ኦብጀክቱ ሲለቀቅ ቁልፉ ተከፍቶ፣ ዝርዝሩ ባዶ ሆኖ፣ ቆጣሪው ዜሮ ላይ ቆሞ ነው የሚመለሰው። ሲወለድ የነበረውን መልክ ይዞ ከተመለሰ አፍርሶ እንደገና መገንባት ለምን?

ረከቦት ላይ ያሉ ሲኒዎችን ያስቡ። አቦል ተጠጥቶ ሲያልቅ ሲኒው ይለቀለቅና ቶና ይቀዳበታል እንጂ ተሰብሮ ወደ ሸክላ አይመለስም። የቦንዊክ አከፋፋይም ለእያንዳንዱ የኦብጀክት ዓይነት የራሱን ማከማቻ፣ ማለትም ካሽ፣ ሰጠው። ካሹ ስላብ የሚባል አዲስ ገጽ ሲቀበል አዘጋጁ ተግባር በየኦብጀክቱ ላይ አንድ ጊዜ ይሮጣል፤ ገጹ ወደ ሥር አከፋፋዩ ሲመለስ ደግሞ አፍራሹ ይሮጣል። በመካከል ኦብጀክቱ ሺህ ጊዜ ቢሰጥና ቢለቀቅ መልኩ እንደቆመ ነው። የመጠን እኩልነት ለዚህ ሐሳብ መሣሪያ እንጂ ዓላማ አልነበረም። ይህ ጽሑፍ የሚከተለው ይህንኑ ነው፤ ወራሾቹ መሣሪያውን ይዘው ዓላማውን ምን እንዳደረጉት።

መሣሪያውም ቢሆን የራሱ ብልሃት አለው። ከዚያ በፊት የተለመደው መጠንን ወደ ቀጣዩ የ2 ርቢ ማሳደግ ነበር። ቦንዊክ የጠቀሱት ኢኖድ፣ ማለትም የአንድ ፋይል መረጃ የሚይዘው መዝገብ፣ 300 ባይት ገደማ ሆኖ ሳለ በ512 ባይት ቦታ ይቀመጥ ነበር። የሚባክነው ቦታ ግልጽ ነው፤ የማይታየው ጉዳት የሚገኘው በፕሮሰሰሩ ካሽ ውስጥ ነው። የኢኖዱ ብዙ ጊዜ የሚነበበው ክፍል የመጀመሪያዎቹ 48 ባይቶች ከሆኑና እያንዳንዱ ኢኖድ በ512 ብዜት ላይ ከጀመረ፣ የሚነበቡት አድራሻዎች ሁሉ ለ512 ሲካፈሉ ቀሪያቸው ከ0 እስከ 47 ብቻ ይሆናል። በሌላ አነጋገር ኢኖዶች ከካሹ ውስጥ 9 በመቶ ያህሉ ላይ ሲጋፉ ሌላው ክፍል ጾሙን ያድራል። የቦንዊክ መፍትሔ ትርፍራፊውን ሥራ ላይ ማዋል ነበር። 200 ባይት ኦብጀክቶች በ4096 ባይት ገጽ ሲደረደሩና ለመቆጣጠሪያ 32 ባይት ሲያዝ 20 ኦብጀክት ገብቶ 64 ባይት ይተርፋል። የመጀመሪያው ስላብ ከ0 ይጀምራል፣ ሁለተኛው ከ8፣ ሦስተኛው ከ16፣ እያለ እስከ 64። ይህን ‘ቀለም መቀባት’ አሉት። ኦብጀክቱ ትልቅ ሲሆን ደግሞ ብክነቱ ከ12.5 በመቶ እንዳያልፍ ስላቡ በብዙ ገጾች ይሠራል።

ፕሮሰሰሮች ሲበዙ ለሁሉም አንድ ቁልፍ ያለው ካሽ የወረፋ ቦታ ሆነ። ቦንዊክና ጆናታን አዳምስ በ2001 ያመጡት መላ ከጠመንጃ የተወሰደ ነው፤ ለእያንዳንዱ ፕሮሰሰር በተዘጋጁ ኦብጀክቶች የተሞላ ካዝና ማስታጠቅ። ፕሮሰሰሩ የማንንም ቁልፍ ሳይጠይቅ ከራሱ ካዝና ይተኩሳል፤ ሲያልቅበት ብቻ ወደ መጋዘኑ ሄዶ ባዶውን በሙሉ ይለውጣል። እያንዳንዱ ፕሮሰሰር የሚይዘው ግን ሁለት ካዝና ነው፤ የተጫነውንና የቀደመውን። ለምን ሁለት እንደሆነ ልብ ይሏል። አንድ ብቻ ቢሆን፣ ካዝናው ሊያልቅ አንድ ሲቀረው ሁለት መስጠትና ሁለት መቀበል የሚፈራረቅበት ፕሮሰሰር በየዙሩ ወደ መጋዘን ይመላለስ ነበር። የቀደመው ካዝና አጠገቡ ስላለ ግን ቢያንስ አንድ ሙሉ ካዝና እስኪጨርስ ወይም እስኪሞላ መጋዘኑን አያስቸግርም።

ሊነክስ ስላብን ወርሶ ለዓመታት ከተጠቀመበት በኋላ በ2007 ክሪስቶፍ ላሜተር ስለብ የተባለውን ምትክ አስገቡ። ቅሬታቸው ስላብ ለየፕሮሰሰሩ በያዛቸው ተጠባባቂ የኦብጀክት ሰልፎች ላይ ነበር፤ አንድ ሺህ ያህል ፕሮሰሰርና የሜሞሪ መስቀለኛ ባለው ማሽን ላይ ሰልፎቹ ብቻ በርካታ ጊጋባይት ይውጣሉ። ስለብ ሰልፎቹን አስወገደ፣ ቀለሙንም ተወ፤ ለየፕሮሰሰሩ አንድ ንቁ ስላብ ሰጠ። በዚያው ዓመት ሊነክስ አፍራሹን ተግባር ከነጭራሹ ሰረዘ። አዘጋጁም ቢሆን ብዙ ወዳጅ አልቀረለትም፤ ምክንያቱ ከ1994 ወዲህ የፕሮሰሰርና የሜሞሪ ፍጥነት መራራቁ ነው። ከብዙ ጊዜ በፊት የተዘጋጀ ኦብጀክት ከፕሮሰሰሩ ካሽ ወጥቶ ቀዝቅዟል። ሲሰጥ ዜሮ ቢሞላ ግን ሊጠቀምበት ላለው ፕሮግራም ትኩስ ሆኖ ይደርሳል። ድካሙ ራሱ ጥቅም ሆነ ማለት ነው። አሮጌው ስላብ በ2024 ከሊነክስ 6.8 ወጣ። ሰልፉ ግን በመስኮት ተመለሰ፤ በ2025 በ6.18 ስለብ ለየፕሮሰሰሩ ‘ነዶ’፣ ለነዶዎቹም ‘ጎተራ’ ያዘ። ስማቸው ከእርሻ ቢመጣም ሐሳቡ የ2001ዱ ካዝና ነው።

እስካሁን ያልነው ስለ ፍጥነት ነው። የተለቀቀ ኦብጀክት የሚቀመጥበት ሁኔታ ግን የደኅንነትም ጉዳይ ነው። ስለብ ነፃ ኦብጀክቶችን የሚያያይዝበት ሰንሰለት አብዛኛውን ጊዜ ከራሳቸው ሆድ ውስጥ ነው፤ እያንዳንዱ ነፃ ኦብጀክት የቀጣዩን ነፃ ኦብጀክት አድራሻ ይይዛል። ለሰንሰለቱ ተጨማሪ ባይት አይወጣም። ነገር ግን የተለቀቀውን ኦብጀክት አድራሻ ሳይጥል የያዘ ስሕተተኛ ኮድ ሰንሰለቱን ይቆርጣል፣ ወይም ቦታውን በወረሰው ሌላ ኦብጀክት ላይ ይጽፋል። እንግዳ ውጭ ቆይቶ ሲመለስ ‘የኔ ሲኒ’ ብሎ የሌላውን ቡና እንደሚያነሣው ነው። አጥቂዎች ይህን ሆን ብለው ይሠሩታል፤ የመጠን እኩልነት ቦታውን ቀጥሎ የሚወርሰው ማን እንደሆነ ለመገመት ይረዳቸዋልና። ስለሆነም ከርነሉ የሰንሰለቱን አድራሻ በምሥጢር ቁጥር ማመስጠር፣ በ2020ም ከኦብጀክቱ ጫፍ ወደ መሐል ማዛወር ጀመረ። መጠናቸው የተቀራረበ ካሾችን ሜሞሪ ለመቆጠብ ማዋሐድም ሌላ ጣጣ አለው፤ በእኔ ግምት የሚቆጠበው ዓይነቶችን ከማደባለቅ ጋር ሲመዘን ብዙ አያዋጣም።

የቦንዊክ ቀዳሚ ሐሳብ ግን አልሞተም። ሊነክስ ለሂደቶች የሲግናል ማስተናገጃ ሠንጠረዥ የሚያስቀምጥበት ሳይጋንድ የተባለ ካሽ አለ። አንድ ሂደት የሌላውን ሠንጠረዥ ሲፈልግ አድራሻውን ያነብባል፣ በሠንጠረዡ ውስጥ ያለውን ቁልፍ ይቆልፋል። በንባቡና በቁልፉ መካከል ግን ባለቤቱ ሞቶ ሠንጠረዡ ተለቅቆ፣ ለሦስተኛ ሂደት ተሰጥቶ ሊሆን ይችላል። ታዲያ የተቆለፈው የማን ቁልፍ ነው? ካሹ ‘ዓይነቱ የተጠበቀ’ ተብሎ ስለተመዘገበ፣ አንባቢዎች እስኪወጡ ድረስ ገጹ ለሌላ ዓይነት ነገር አይሰጥም። ቁልፉንም አዘጋጁ ተግባር ስላቡ ሲፈጠር አንድ ጊዜ ብቻ ሠርቶታል፤ ኦብጀክቱ በአዲስ ባለቤት እጅ ሲገባ አይነካም። ስለዚህ ቁልፉ የማንም ይሁን የማን፣ ሁልጊዜ ትክክለኛ ቁልፍ ነው። ቆላፊው ከቆለፈ በኋላ ‘የምፈልገው ሂደት አሁንም ወደዚህ ሠንጠረዥ ይጠቁማል?’ ብሎ ያጣራል፤ ካልጠቆመ ከፍቶ እንደገና ይሞክራል። እዚህ ላይ የአዘጋጁ ተግባር ጥቅም ጊዜ መቆጠብ አይደለም፤ እሱ ባይኖር ኮዱ ራሱ ስሕተት ይሆናል።

ይህ በስለብ የስሕተት መፈለጊያ ውስጥ ጥሩ ምስክር አለው። መፈለጊያው ሲበራ የተለቀቀ ኦብጀክት ባይቶች በ107 ይሞላሉ፤ የመጨረሻው ባይት ብቻ 165 ይሆናል። ከርነል ሲወድቅ በሪፖርቱ ላይ ያ ቁጥር በአሥራ ስድስታዊ አጻጻፍ 6ቢ6ቢ6ቢ እያለ ተደርድሮ ያየ ፕሮግራመር፣ አንዱ የለቀቀውን እንዳልተወ ወዲያው ይገባዋል። አዘጋጅ ባላቸው ወይም ዓይነታቸው በተጠበቀ ካሾች ላይ ግን መፈለጊያው ይህን መርዝ ከመርጨት ይቆጠባል፤ እዚያ የተለቀቀው ኦብጀክት የተዘጋጀ መልኩን መጠበቅ አለበት፣ ወይም እሱን ማንበብ ገና ሕጋዊ ነውና።