ዴሪቭ፦ ከተማ መር ጉዞ

ዴሪቭ ፈረንሳይኛ ነው። ጀልባን ነፋስ ወይም ሞገድ ከመስመሯ ሲያስወጣት የሚባለውን ቃል የከተማ ተጓዦች ወሰዱት። በእነሱ ዘንድ ዴሪቭ ማለት ሥራን፣ ቀጠሮንና የዘወትር መንገድን ለጊዜው ትቶ፣ ሰፈሩ ወደሳበው እየሄዱ ከተማን ማጥናት ነው። ሐሳቡን አብራርቶ የጻፈው ፓሪሳዊው ጊ ደቦር ሲሆን፣ ጽሑፉ እ.ኤ.አ. በ1956 ታተመ።

ደቦር እዚያ ላይ አንድ ካርታ ያነሣል። የማኅበራዊ ጥናት ባለሙያው ሾምባር ደ ሎው፣ በፓሪስ 16ኛ ወረዳ የምትኖር አንዲት ተማሪ በዓመት ውስጥ የተመላለሰችባቸውን መንገዶች በመስመር አስፍሮ ነበር። ካርታው ላይ ጎልታ የምትታየው ትንሽ ሦስት ማዕዘን ናት፤ ጫፎቿ የልጅቷ ቤት፣ የምትማርበት ተቋምና የፒያኖ አስተማሪዋ ቤት ናቸው። ያን የሚያህል ከተማ ውስጥ እየኖሩ በሦስት ደጃፍ መወሰን ደቦርን አስቆጥቶታል። (የብዙዎቻችንም ካርታ ቢሣል ከዚህ የሚሰፋ አይመስለኝም።)

በአማርኛ «እግሬ እንደመራኝ» ማለት ይቀናናል፤ ግን ይህ መሪነቱን ለሰውየው እግር ይሰጣል። ደቦር ደግሞ የአጋጣሚ ድርሻ ሰው ከሚገምተው ያነሰ ነው ባይ ነው፤ ከተማ ራሷ የምትስብበትና የምትገፋበት ሥፍራ አላት። «ዙረት» እንዳንል ሥራ ፈትነት ይሸታል። «ገበያ መር» ማለትን ከለመድን «ከተማ መር ጉዞ» ብንለው ይሻላል እላለሁ።

ሲሄዱ ሁለት ወይም ሦስት መሆን ይመረጣል፣ የታዘቡትን ለማመሳከር። ርዝመቱ በአማካይ አንድ ቀን ነው። ከዚህ ሐሳብ የወጣው ዝነኛ ሥራ ደቦር በ1957 የፓሪስን ካርታ ቆራርጦ፣ ቁርጥራጮቹን በቀይ ቀስቶች ያገናኘበት «እርቃኗ ከተማ» ነው።

መንገዱ ግን ለሁሉም እኩል ክፍት አልነበረም። አልጄሪያዊው አብደልሃፊድ ኻቲብ በ1958 ሌ አል የተባለውን የፓሪስ ገበያ በዚሁ ዘዴ ሊያጠና ተነሣ። ገበያው ይደምቅ የነበረው ሌሊት ነው፤ አትክልትና ፍራፍሬ የጫኑ መኪኖች ያራግፉ የነበረው ያን ጊዜ ነው። ወቅቱ የአልጄሪያ ጦርነት ነበርና ከሴፕቴምበር ጀምሮ ሰሜን አፍሪካውያን በምሽት ከቤት እንዳይወጡ ፖሊስ ከለከለ። ኻቲብ ሁለት ጊዜ ተይዞ ታስሮ አደረ። ጥናቱ ሳይጠናቀቅ በዲሴምበር ታተመ፤ ያሳተሙት አዘጋጆችም የጎደለበትን ምክንያት አብረው አትመዋል።