ፈንገሱና ራጁ፦ የ77 ዓመት ቀጠሮ

በ1894 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በሰሜን ጀርመኗ ግራይፍስቫልድ ከተማ ኦቶ ቡሰ የተባለ ሐኪም ከአንዲት የ31 ዓመት ሴት የቅልጥም ቁስል የወሰደውን ናሙና በማይክሮስኮፕ ሲመረምር እርሾ የሚመስሉ ክብ ሕዋሳት አየ። ዛሬ ክሪፕቶኮከስ የምንለው ፈንገስ ነበር። በዓመቱ፣ ኖቬምበር 8 ቀን 1895፣ እዚያው ጀርመን ቩርዝቡርግ ውስጥ ቪልሄልም ሮንትገን ራጅን አገኘ።

በሽታውም መሣሪያውም በአንድ አገር ተወለዱ፤ ለመገናኘት ግን ዕድሜ ፈጀባቸው። በ1905 ዳቪድ ፎን ሃንሰማን ፈንገሱ የአንጎልን ሽፋን እንደሚያጠቃ ጻፈ። ራጅ ግን የራስ ቅሉን አጥንት እንጂ በውስጡ ያለውን ለስላሳ አካል ለይቶ አያሳይም። በ1918 ባልቲሞር ላይ ዋልተር ዳንዲ የአንጎልን ክፍተቶች በአየር ሞልቶ ራጅ አነሳ። ለታማሚው ከባድ ምርመራ ነበር፤ የታየውም የክፍተቶቹ ቅርጽ ብቻ ነው።

አንጎል ራሱ የታየው ኦክቶበር 1 ቀን 1971 ነው። ለንደን በነበረው አትኪንሰን ሞርሊ ሆስፒታል፣ ጎድፍሬይ ሃውንስፊልድ የፈለሰፈው በራጅ የሚሠራ ሲቲ ስካን የመጀመሪያዋን ታማሚ አነሳ። ኤም አር አይ ደግሞ ከዚያ በኋላ መጥቶ ምስሉን የበለጠ አጠራ።

ክሪፕቶኮከስ ሰውነቱን እንደ ሙጫ በሚያዝለገልግ ሽፋን ይጠቀልላል። ወደ አንጎል ጥልቅ ክፍል በሚዘልቁት ቀጫጭን የደም ሥሮች ዙሪያ ያለውን ክፍተት እየሞላ ይለጥጠዋል፤ በኤም አር አይም የሳሙና አረፋ የመሰሉ ክምችቶች ሆኖ ይታያል። አስፐርጊለስ የተባለው ሌላው ፈንገስ የደም ሥር ሰብሮ ስለሚገባ ደም መፍሰስንና መግል የቋጠረ ቁስልን ያስከትላል።

ሆኖም የቲቢ እብጠት፣ ቶክሶፕላዝማና ካንሰርም ተመሳሳይ ምስል ሊሰጡ ይችላሉ። ክሪፕቶኮከስ ያለበት ሰው ሲቲ ስካንም ጤናማ መስሎ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ ምስል ጉዳቱ የት እንዳለ ይጠቁማል እንጂ የበሽታውን ስም አይቆርጥም። ስሙ የሚታወቀው ከወገብ በመርፌ በሚቀዳ ፈሳሽ ወይም በደም ጠብታ በሚደረግ የአንቲጅን (የፈንገሱን ቅንጣት የሚፈልግ) ምርመራ ነው። ኤች አይ ቪ የብዙዎችን መከላከያ ባዳከመበትና ኤም አር አይ ሩቅ በሆነበት እንደ እኛ ባለ አገር፣ ይህች ጠብታ ሕይወት ናት። ራስ ምታቱ ሳምንታት የቆየበት ሰው ሁሉ ሊያገኛት ይገባል።

ቡሰ ያን ፈንገስ ያገኘው ከታማሚዋ ከወሰዳት ትንሽ ናሙና ነበር። ከዚያ ወዲህ ያለው መሣሪያ ሁሉ ዓይናችንን አሰፋልን፤ ያችን ናሙና ግን አልተካትም።