የደጋን ዋጋ፦ ከአንድ ፈረስ እስከ ፋይበርግላስ

የዕፅዋት ተመራማሪው እንግሊዛዊ ጆን ብራድበሪ በ1811 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሚዙሪ ወንዝን ሽቅብ ተጉዞ አሪካራ የሚባሉ ሕዝቦች መንደር ደረሰ። የሄደው ዕፅዋት ሊሰበስብ ቢሆንም ገበያውንም ማየቱ አልቀረም። ኦሴጅ ኦሬንጅ ከሚባለው ዛፍ የተሠራ አንድ ደጋን በዚያ መንደር አንድ ፈረስና አንድ ብርድ ልብስ ያወጣ እንደነበር ጽፏል። ዛፉ በአካባቢው አይበቅልም። የትውልድ ቦታው በስተደቡብ እጅግ ርቆ፣ ዛሬ ቴክሳስ፣ ኦክላሆማና አርካንሳስ በሚዋሰኑበት አገር ነው። እንጨቱ ወይም ደጋኑ ከእጅ ወደ እጅ እየተሸጠ ነበር ሰሜን የሚገባው፤ ዋጋውም በየመንገዱ ይቆለላል።

ዛሬ አሜሪካ ውስጥ ለዱር ኑሮና ለአደን የሚሆን ርካሽ ደጋን የሚያፈላልግ ሰው ከሁለት መቶ ብር ባነሰ፣ ብሩ የአሜሪካ መሆኑ ነው፣ ጥሩ ደጋን ይዞ ይወጣል። ከፈረሱ እስከዚህ ዋጋ ያለው መንገድ በሙጫ፣ በመስታወትና በአንድ የተራበ ሰው ታሪክ የተሞላ ነው።

ገዢው የሚፈልገው ብዙውን ጊዜ ሪከርቭ የሚባለውን ዓይነት ነው። አውታሩ ሲፈታ የሁለቱ ክንፎች ጫፍ ከተኳሹ ወዲያ ወደ ፊት ይቀለበሳል። ይህ ቅርጽ አጭር ደጋን እንደ ረጅሙ ብዙ ኃይል እንዲይዝ ያደርገዋል፤ በቁጥቋጦ መካከል ለሚሽሎከሎክ ወይም ፈረስ ላይ ለተቀመጠ ሰው ደግሞ ማጠሩ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። ችግሩ ያለው እንጨቱ ላይ ነው። ደጋን ሲሳብ ፊቱ ይለጠጣል፣ ወደ ተኳሹ ያለው ሆዱ ይጨመቃል። አጭርና የተቀለበሰ ሲሆን ጫናው ይብሳል፤ ተራ እንጨት አይችለውም።

የእስያ ደጋን ሠሪዎች ለዚህ ያገኙት መልስ ውድ ነበር። ሆዱ ላይ የመጨመቅ ኃይልን የሚችል ቀንድ፣ ፊቱ ላይ የማይበጠስ ጅማት፣ በመካከል ስስ እንጨት፤ ሁሉም ከእንስሳት ቆዳ፣ ከጅማት ወይም ከዓሣ በተቀቀለ ሙጫ ይጣበቃል። የኦቶማን ቱርክ ሠሪዎች ሙጫው በቅጡ እስኪደርቅ ወራት ይጠብቁ ነበር፤ አንድ ደጋን ተሠርቶ እስኪያልቅ ዓመትና ከዚያ በላይ ሊወስድ ይችላል። ውጤቱ ግን ያስደንቃል። በለንደን የቱርክ ኤምባሲ ጸሐፊ የነበረው ማህሙድ ኤፌንዲ በ1790ዎቹ በእንግሊዛውያን ፊት ፍላጻ ከ400 ሜትር በላይ ወርውሯል፤ ረጅሙን ደጋናቸውን እንደ ቅርስ የሚያዩት እንግሊዞች ለብዙ ዘመን ሲያወሩት ኖረዋል። ድሃ አዳኝ ግን እንዲህ ያለ ዕቃ አይገዛም። ቢገዛም እርጥበት ሙጫውን ያላላበታል።

ድሃው አዳኝ ምን ይዞ ነበር? ይህን ከማንም በላይ ያሳየው ኢሺ ነው።

በኦገስት 1911 ካሊፎርኒያ ውስጥ ኦሮቪል በምትባል ከተማ፣ ከቄራ አጠገብ ባለ በረት፣ በረሃብ የከሳ አንድ ሰው ተገኘ። የያሂ ሕዝብ የመጨረሻው ሰው ነበር። ወገኖቹን ነጭ ሰፋሪዎች በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ጨፍጭፈው ሊጨርሷቸው ጥቂት ነው የቀራቸው፤ የተረፉት ጥቂቶች በዲር ክሪክ ሸለቆዎች ውስጥ ተደብቀው ለአሥርተ ዓመታት ኖሩ። ለተደበቀ ሰው ደጋን ከጠመንጃ ይሻላል፤ አይጮኽም፣ ጥይትም ግዙልኝ አይልም። በ1908 ግን መሬት ቀያሾች ሳያስቡት መደበቂያቸው ላይ ደረሱ፤ ያገኙትንም ዕቃ ሁሉ ይዘውት ሄዱ። ከዚያ በኋላ ኢሺ ብቻውን ቀረ፤ ከሦስት ዓመት በኋላም ቄራው በር ላይ ወደቀ። በደጋን ብቻ መኖር ይቻላል ብሎ የሚፎክር ሰው ይህን ማወቅ አለበት። በዚያ ምድር ከኢሺ የተሻለ አዳኝ አልነበረም፤ እሱንም ረሃብ ከዱር አስወጥቶታል።

የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ አንትሮፖሎጂስቶች ኢሺን ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ሙዚየማቸው ወሰዱት። በጎረቤት የሕክምና ትምህርት ቤት ያስተምር የነበረው ቀዶ ሐኪም ሳክስተን ፖፕ በ1912 ተዋወቀው፤ ሐኪሙም ጓደኛውም፣ በደጋን ነገር ደግሞ ተማሪው ሆነ። ኢሺ ደጋኑን የሚሠራው ከተራራ ጥድ ነው። ፊቱን የአጋዘን ጅማት ይለብጠዋል፣ ጫፎቹን በጋለ ድንጋይ ላይ እያጎበጠ ወደ ፊት ይቀለብሳቸዋል። ከቱርኩ ጋር አንድ ሐሳብ ነው፤ ቀንዱ ብቻ ቀርቷል። ለመሳብ የሚጠይቀው ኃይል 45 ፓውንድ ገደማ ነበር። ኢሺ ደጋን አቁሞ ማስቀመጥን አይወድም፤ ካቆሙት ሲሠራ ይውላል፣ ያልበዋል፣ ይደክማል ይል ነበር።

ደካማ በሚመስል ደጋን አጋዘን የሚጥለው በመቅረብ ነው። ለአደን ሲነሣ ዓሣ አይበላም፣ ትንባሆ አያጨስም፣ ገላውን ይታጠባል። ጣቶቹን ከንፈሩ ላይ አድርጎ እየሳመ የተጎዳች ጥንቸል ድምፅ ያወጣል፤ ጥንቸሎች ብቻ ሳይሆኑ ሌሎች አውሬዎችም ይመጡለታል። የተሞላ የአጋዘን ራስ አጥልቆ ከቁጥቋጦ ብቅ ጥልቅ በማለት እውነተኛዎቹን አጋዘኖች ያስጠጋል። ፖፕ ይህን ሁሉ መዘገበ። ኢሺ በማርች 1916 በሳንባ ነቀርሳ ሞተ።

ፖፕ ከጓደኛው ከአርተር ያንግ ጋር ሆኖ የመምህሩን ትዕግሥት ከእንግሊዝ ረጅም ደጋን ጋር አዋሐደው። በ1920 ለካሊፎርኒያ የሳይንስ አካዳሚ ሙዚየም ናሙና ለማምጣት ፈቃድ አግኝተው የሎውስቶን ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ግሪዝሊ ድቦችን በቀስት ገደሉ። ለዚህ የያዟቸው የየው እንጨት ደጋኖች ለመሳብ ከ70 ፓውንድ በላይ የሚጠይቁ ነበሩ። ፖፕ በ1923 ያሳተመው የአደን መጽሐፍ ብዙ አሜሪካውያንን ጋራዣቸው ውስጥ ደጋን ጠራቢ አደረጋቸው። ገና ርካሽ አልነበረም፤ በገንዘብ ካልከፈሉ በጊዜ ይከፍላሉ።

ከነዚህ ጠራቢዎች አንዱ ፍሬድ ቤር ነው። በ1902 ፔንሲልቬኒያ ተወልዶ ዲትሮይት የፓካርድ መኪና ፋብሪካ ሞዴል ሠሪ ሆኖ የገባ ወጣት ነበር። ያንግ አላስካ ውስጥ ያነሣውን የአደን ፊልም አየ፣ ሰውየውንም አገኘው፣ ደጋን አሠራርም ከእሱ ተማረ። አሜሪካ በኢኮኖሚ ውድቀት ስትማቅቅ፣ በ1933፣ የማስታወቂያ ኅትመት ሱቅ ከፍቶ ጓዳው ውስጥ ደጋን መሥራት ጀመረ። በዓመቱ ዊስኮንሲን በሁለት ወረዳዎች ለቀስት ብቻ የተለየ የአጋዘን አደን ወቅት ፈቀደች፤ ሌሎች ግዛቶችም ተከተሉ። ገበያ ተወለደ ማለት ነው።

ገበያው የጎደለው ርካሽ ቀንድና ጅማት ነበር። ያ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ መጣ። ቤር በ1947 ፋብሪካውን ወደ ግሬይሊንግ፣ ሚሺጋን አዛወረ። በ1949 እና 1950 በእንጨቱ መካከል ስስ አሉሚኒየም እስከ ማስገባት ሁሉ ሞከረ። በመጨረሻ ያሸነፈው ፋይበርግላስ ነው። የመስታወቱ ክር መለጠጥንም መጨመቅንም ይችላል፤ ስለዚህ ፊቱ ላይ የጅማትን፣ ሆዱ ላይ የቀንድን ሥራ አንዱ ቁስ ይሠራል። በፋብሪካ የተቀመመው ሙጫ በሙቀት ማተሚያ ውስጥ ቶሎ ይደርቃል፤ ዝናብም አይፈራም። በ1950ዎቹ ኮዲያክ የተባለው የቤር ሪከርቭ የዘመኑ አዳኞች መለኪያ ሆነ። በመስታወት ደጋን የሠራው ቤር ብቻ አይደለም። ድሆችም ሀብታሞችም ከአንድ መደርደሪያ እንዲገዙ ያደረገው ግን በዋናነት እሱ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ቀጥሎ የመጣው ነገር ሪከርቭን ሊገድለው ነበር፤ ይልቅ አረከሰው። የሚዙሪው ሆሊስ አለን በ1966 ያስመዘገበውና በ1969 የባለቤትነት ፈቃድ ያገኘበት፣ በመዘውር የሚሠራው ኮምፓውንድ ደጋን አብዛኛውን አዳኝ ወሰደ። ሪከርቭ ለጀማሪ፣ ለኦሎምፒክ ተወዳዳሪና ቀላል ዕቃ ለሚወድ ሰው ቀረ። ክንፎቹ ከእጀታው የሚፈቱ ሞዴሎች ተስፋፉ። የኮሪያው ኩባንያ ሳሚክ ያወጣው ሴጅ የሚባለው ደጋን የዚህ ዘር ዝነኛ ነው፤ ቁመቱ 62 ኢንች፣ ክንፎቹ ከ25 እስከ 60 ፓውንድ፣ የሚታሰሩትም በብሎን። ክንፍ ቢሰበር ወይም ተኳሹ ቢጠነክር የሚቀየረው ክንፉ ብቻ ነው።

ገዢው ሊጠነቀቅባቸው የሚገቡ ጥቂት ነገሮች አሉ። ክንፉ ላይ የተጻፈው ፓውንድ የሚለካው አውታሩ 28 ኢንች ሲሳብ ነው። ክንዱ አጭር የሆነ ሰው በያንዳንዱ ኢንች ሁለት ወይም ሦስት ፓውንድ ያጣል፤ 45 የሚል ደጋን ገዝቶ 40 ሊተኩስ ይችላል። ለአጋዘን ዊስኮንሲን 30፣ ኮሎራዶ 35 ፓውንድ ዝቅተኛ ገደብ አድርገዋል። ካሊፎርኒያ ደግሞ ኃይሉን በፓውንድ አትለካም፤ ደጋኑ የአደን ፍላጻን 130 ያርድ መወርወር አለበት ትላለች። ፍላጻው ከደጋኑ ኃይል ጋር የሚመጣጠን ጥንካሬ ከሌለው ግን የትኛውም ደጋን በቀጥታ አይተኩስም። ስለዚህ ለመጀመሪያ ጊዜ የምትገዛ አንባቢ ሆይ፣ እጀታውን አንዴ ግዛ፤ ክንፉን በ30 ወይም በ35 ፓውንድ ጀምር፤ ከደጋኑ የተረፈህን ገንዘብ በፍላጻ ላይ አውለው።